ሦስት ሕመም የመሰለን አንድ ሕመም

አጎቴ የመኝታ ቦታቸውን የቀየሩ ሰሞን ማንም «ምን ሆኑ?» አላለም። ድሮ የሚተኙት ጓዳ በኩል ካለው አልጋ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጋቢያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ወዳለው መደብ ወጡ። «እዚህ ነፋሻ ነው» አሉ። አገሩ ደጋ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚያ ብርድ ነፋሻ ቦታ የሚፈልግ ሽማግሌ የለም። ባለቤታቸው ግን ነገሩን ያውቁ ነበር። ሌሊት አምስቴ ስድስቴ ይወጣሉ። በሩ እንዳይርቃቸው ነው።

እኔ ይሄን የሰማሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ደሴ የምሠራ ነርስ ነኝ። ታማሚው የእናቴ ወንድም ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው 67 ገደማ ነበር። ከደሴ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል። «ጻፈው፤ እንደኔ የሚደብቅ ብዙ ሰው አለ» ነው ያሉኝ።

በሽታው የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ስንደርስበት አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ምልክቶቹ አልጠፉም፤ ሁሉም ነበሩ። ችግሩ ለየብቻ መሆናቸው ነው። ወገባቸውን ወገሻ ያውቃል። ድካማቸውን ክሊኒክ ያውቃል። ሽንታቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔም፣ የጤና ባለሙያው፣ አልሰማሁም።

ውዱእ አልቆይ አለ

መጀመሪያ የመጣው ሽንቱ ነው። ያጣድፋቸዋል፤ ሲወጡ ግን ቶሎ አይወርድም። ቆመው ይጠብቃሉ። ሲወርድም ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል። ጨረስኩ ብለው ሲመለሱ ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። ሽርጣቸው ይረጥባል።

ለሌላ ሰው ይሄ መቸገር ብቻ ነው። ለአጎቴ ግን የሶላት ጉዳይ ነው። ሽንት ጠብ ካለ ውዱእ፣ ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ፣ ፈረሰ፤ እንደገና መታጠብ ነው። በሱብሂ፣ በዚያ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለቴ ሦስቴ ውዱእ ማድረግ ጀመሩ። መስጂድ ውስጥ ሰልፍ መሀል ቆመው ሲሰማቸው ተሸማቀው ይወጣሉ። ቀስ በቀስ ከጀመዓ፣ ከኅብረት ሶላቱ፣ ቀሩ። ኋላ ጁምዓም ቀረ። ከመስጂድ የማይጠፉ ሰው ነበሩ። ጎረቤት ምክንያቱን ከአንድ የድንበር ጭቅጭቅ ጋር አገናኘው። «ከእገሌ ጋር ላለመተያየት ነው» ተባለ። ለአንድ ዓመት ያህል ሰው ያመነው ይሄን ነው።

ለማን ይንገሩ? ለልጆቻቸው እንዳይነግሩ ነውር ነው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ የጎረቤት ልጅ ናት፤ በጡት እያለች ያውቋታል። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። እንደ ባህላችን አንድ አባወራ ስለዚያ አካባቢ ከልጅ ጋር አያወራም። ይሄን ስጽፍ እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮስቴት ትንሽ ልበል። ፕሮስቴት ወንድ ብቻ ያለው ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንቱን መውጫ ቱቦ ዙሪያውን ያቅፈዋል። በደህናው ጊዜ ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም። ሥራው የዘር ፈሳሽ የሚሆነውን ውሃ በከፊል ማመንጨት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዕጢው ውስጠኛ ክፍል ይተልቅና ቱቦውን ያጠበዋል። ይሄኛው ካንሰር አይደለም። ሌሊት ለሽንት ከሚመላለሱት አባቶች ብዙዎቹ ያለባቸው እሱ ነው፤ መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አለው።

ካንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዕጢው ውጪኛ ጠርዝ ነው። ከቱቦው ራቅ ይላል። ስለዚህ ሲጀምር ሽንት አይከለክልም፣ አያምም፣ ምንም አይልም። አድጎ ቱቦውን እስኪጫን ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሽንቱ ደህና ሆኖ መጀመሪያ የሚያመው አጥንቱ ነው። ሽንት ውስጥ ደም የሚያይም አለ። አጎቴ ደም አላዩም። «ደም ባይ ኖሮ እነግራችሁ ነበር» ይላሉ እስካሁን።

«ሲያርፍ ነው የሚያመኝ»

በጥር አውድማ ላይ ጭነት ሲያነሱ ወገባቸው ቀጭ አለ። ይሄ ለሁላችንም የሚታይ፣ የሚነገር፣ የማያሳፍር ሕመም ነበር። ገበሬ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል? «ብርድ ነው» ተባለ። ብርድ እኛ ዘንድ የማይገባበት ሕመም የለም። አንዴ ብርድ ከተባለ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አይነሳም።

ወገሻ ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው ቅቤ አሙቆ አሻቸው፣ ጨመቃቸው፣ በጨርቅ አሠራቸው። ይሄ ወገሻ የወለቀ ክንድ በመመለስ የተመሰገነ ሰው ነው፤ አላማውም። ግን ካንሰር የገባበት አከርካሪ እንደ ወለቀ ክንድ አይደለም። ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ነው። ተጫንከው ማለት ልትሰብረው ትችላለህ። ሦስቴ ሄደው ታሹ። ሦስተኛው ቀን በቅሎ ላይ ሆነው ተመለሱ።

ከዚያ የአጎቴ ልጅ ስልክ ደወለ። «ጋሼ ወገባቸውን አሟቸዋል፤ ምን እንስጣቸው?» እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ዋርዱ ሞልቷል። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ በሚኒባስ ሾፌር ላክሁ። ሲያልቅ ጨመርኩ። ሁለት ወር ገደማ እንዲህ ሄደ። አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ሽንት እንዴት ነው? የሚያምዎት መቼ ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለማያውቀኝ ታካሚ በየቀኑ እጠይቃለሁ። ለገዛ አጎቴ ግን በስልክ መድኃኒት ላክሁ። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። የእሳቸው ኩላሊት ያኔ ሽንቱ ታፍኖ እየተጨነቀ እንደነበር ኋላ ነው ያየነው።

ቆይቼ ስጠይቃቸው ያሉኝን አልረሳውም። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ወገብ ቀን እርፍ ስይዝበት ይችለዋል። ማታ ሲያርፍ ነው የሚያመኝ።» ዋናው ልዩነት እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። የሥራ የወገብ ሕመም ጋደም ሲሉ ይቀላል። አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር ግን ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል፣ በማስታገሻም ሙሉ በሙሉ አይተውም። አጎቴ ሌሊት ደጅ ወጥተው ግቢውን ይዞሩ ነበር። ሱጁድ መውረድ፣ በግንባር መደፋት፣ ስላቃታቸው ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። ቤተሰቡ ይሄንንም ዕድሜ ነው አለ።

ካንሰሩ ወገብን የሚመርጥበት ምክንያት አለ። ከዳሌ አካባቢ ደም የሚመልሱት ሥሮች ከአከርካሪ ዙሪያ ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። ሌሎች ብዙ የደም መልስ ሥሮች ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ትንንሽ በሮች አሏቸው። እነዚህኞቹ የላቸውም። ስናስል ወይም ስናምጥ ደሙ ወደ አከርካሪ ይገፋል። ኦስካር ባትሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይሄን መንገድ በ1940 አሳይቷል። በዚያ መንገድ ያመለጠች የካንሰር ሕዋስ ወገብ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ የጎድን አጥንት ላይ፣ ጭን ላይ ታርፋለች። የፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ ከየትኛውም ቦታ በፊት አጥንትን ነው የሚወደው።

ረመዳን፣ ታይፎይድ፣ ዝሆኔ

ረመዳን ገባ። ሁሉም ሰው ይከሳል፤ የእሳቸው ክሳት ማን ዓይን ውስጥ ይገባል? መታጠቂያቸው ግን ሁለት ዙር የነበረው ሦስት ዙር ሆነ። ሽንቱ እንዳያስቸግራቸው ሌሊት ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ከዒድ በኋላም ሥጋቸው አልተመለሰም። ከቤት እስከ ማሳ ሲሄዱ ሁለቴ ያርፋሉ።

ልጃቸው በአቅራቢያቸው ወዳለች ከተማ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ደም ተቀዳ። «ታይፎይድ አለብዎት» ተባሉ። መድኃኒቱን ዋጡ። ሁለተኛ ሲሄዱም ታይፎይድ ተባሉ። የክሊኒኩን ስም አላነሳም፤ ይሄ የአንድ ክሊኒክ ነገር ብቻ አይደለምና። በአገራችን የደከመው ሰው ሁሉ በዚያ የደም ምርመራ ታይፎይድ ይባላል። ምርመራው ግን በቀላሉ የሚያሳስት ነው። የአጎቴ ድካም ከደም ማነስ ነበር። ደም የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው፤ መቅኒውን ካንሰሩ እየወሰደው ነበር።

ከዚያ ግራ እግራቸው አበጠ። አንዱ ብቻ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን። «ዝሆኔ ነው» አሉ ሰዎች። ዝሆኔ ግን ከእግር ጣት ተነስቶ በዓመታት ውስጥ የሚወጣ ነው። የእሳቸው ከላይ ጀምሮ በሳምንታት ነው ያበጠው። ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች ሞልቶ የእግሩን ፈሳሽ መመለሻ ዘግቶት ነበር።

ደሴ የገቡበት ሌሊት

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንቱ ጨርሶ ቆመ። አልወርድ አለ። በኮንትራት መኪና ጭነዋቸው ደሴ ሲገቡ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበልኳቸው። ላብ አጥምቋቸዋል። ሆዳቸው ከእምብርት በታች እንደ ቅል ተወጥሯል። አንድም ቃል አይናገሩም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዚክር ያደርጋሉ።

የሽንት ቱቦ ገባላቸው። ሽንቱ ከረጢቱን ሞልቶ ሌላ ተቀየረ። 1,300 ሚሊ ሊትር ነበር። ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ሲይዝ ነው ሰው የሚጨነቀው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በወራት ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ሲያዩዋቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ጠዋት ወጣቱ ሐኪም መጣ። ቸኩሎ አልነበረም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አባባ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሱ ነበር?» አላቸው። አጎቴ ዝም አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንተ ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ለኛ ያልነገሩትን ሁሉ ለማያውቁት ልጅ ነገሩት። መደቡን፣ ሽርጡን፣ ውዱኡን፣ ወገቡን፣ እግሩን። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ሰማ። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ላይ መልሱ ነበር።

በጣት በፊንጢጣ በኩል መመርመር ነበረባቸው። እምቢ አሉ። ሐኪሙ አልተቆጣም። መጋረጃውን ዘጋ፣ ሌላ ሰው አስወጣ፣ ለምን እንደሚያደርገው አስረዳ። «አባባ፣ ዕጢዋን በሌላ መንገድ ልነካት አልችልም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።» በመጨረሻ «ቢስሚላህ» ብለው ዞሩ። ዕጢዋ ለስላሳ መሆን ነበረባት። እንደ ድንጋይ የጠጠረች፣ ወጣ ገባ ነበረች።

የደም ውጤቱ መጣ። ፒኤስኤ የሚባል ከፕሮስቴት የሚመነጭ ንጥረ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከ4 በታች ከሆነ ደህና ይባላል። ዕጢው ሲያብጥም፣ ሲመረቅዝም፣ ቱቦ ሲገባም ከፍ ስለሚል ለብቻው ካንሰር ነው አያሰኝም። የእሳቸው ወረቀት ላይ ግን «ከ100 በላይ» የሚል ነበር። ማሽኑ ከዚያ በላይ አይቆጥርም። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢናቸው ወርዶ 8 ነበር። ኩላሊቱን የሚያሳየው ክሪያቲኒን ከፍ ብሎ 3.4። በአልትራሳውንድ ሁለቱም ኩላሊቶች በታፈነ ሽንት ተለጥጠዋል። ራጁ ላይ የወገባቸው አጥንት ቦታ ቦታውን ኖራ እንደተቀባ ነጥቷል። ብዙ ካንሰር አጥንትን ቦርቡሮ ያጠቁረዋል። የፕሮስቴት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይረባ አዲስ አጥንት ይጨምርበታል፤ ለዚህ ነው የሚነጣው። ናሙናም ተወሰደ፤ ውጤቱ ሳምንታት ቆይቶ ያንኑ አረጋገጠ።

«ምድሩ ጥጥ ጥጥ ይለኛል»

በሦስተኛው ቀን ወደ ሽንት ቤት ስደግፋቸው እግራቸው ተጎተተ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ምድሩ ጥጥ ጥጥ ይለኛል» አሉ። ከመቼ ጀምሮ? «ከአሥር ቀን ወዲህ ነው መሰለኝ።» እያነከሱ ነው ብለን ያሰብነው እግሩ ስላበጠ ነበር።

ይሄን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ካንሰር ያለበት የአከርካሪ አጥንት ሲያብጥ ወይም ሲደረመስ ውስጡ ያለውን ሕብለ ሰረሰር፣ የነርቩን ገመድ፣ ይጫናል። መጀመሪያ ወገብ ወይም ጀርባ ያማል፤ ሕመሙ ደረትን ወይም ሆድን እንደ ቀበቶ ሊዞር ይችላል። ከዚያ እግር ይዝላል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ከዚያ ይደነዝዛል፤ በተለይ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ። በመጨረሻ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ይጠፋል። ይሄ የሳምንት ቀጠሮ የሚያስይዝ ነገር አይደለም። የዚያኑ ቀን ሕክምና ይፈልጋል። ሕክምና ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው መሄዱን ይቀጥላል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ከሞተ በኋላ የመጣ ሰው ግን ተመልሶ የሚቆምበት ዕድል ጠባብ ነው። ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ሐኪሙ ጣታቸውን ገፋ፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ጉልበታቸውን መታ። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት በዚያው ሰዓት ተሰጠ። እብጠቱን አሳንሶ ጊዜ ይገዛል እንጂ ካንሰሩን አይነካም። ካንሰሩን የሚነካው ሌላ ነው። እዚያ ላይ ነው ከባዱ ወሬ የመጣው።

በሬውና ሰውዬው

የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ በብዛት የሚመነጨው ከዘር ፍሬ ነው። ምንጩ ሲደርቅ ካንሰሩ ይጠወልጋል። ቻርልስ ሀጊንስ የሚባል ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ ይሄን በ1941 አሳየ፤ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬም የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና መሠረቱ እሱ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ፣ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መርፌ ነው። ሁለተኛው የዘር ፍሬዎቹን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። መርፌው ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ከዚያም በላይ አንዳንዶቹ መርፌዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆርሞኑን ከፍ ያደርጉታል። ሕብለ ሰረሰሩ ለተጫነ ሰው ያ አደገኛ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን ሆርሞኑን በአንድ ቀን ውስጥ ያወርደዋል።

ሐኪሙ ይሄን ሲነግራቸው አጎቴ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ «እንደ በሬ ልታኮላሹኝ ነው?» አሉ።

ሐኪሙ ከተማ ያደገ ልጅ ነው። ቃሉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም። አጎቴ በሬ ያኮላሹ ሰው ናቸው። በሬው ሲጠለፍ፣ ሲጣል፣ ሲያገሳ ያውቃሉ። ወይፈን የነበረው ሰንጋ ሆኖ ሲነሳ፣ ዓይኑ ሲለወጥ አይተዋል። የሚያስቡት ያንን ነው። ማደንዘዣ ቢባል፣ ትንሽ ቁርጥ ብቻ ነው ቢባል አይሰሙም። «ልሂድ። ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከአገር ቤት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንድ ሸህም አብረው ነበሩ። ሐኪሙ ለሸሁ እንደገና አስረዳ። ሸሁ አዳመጡና «መዳን መፈለግ ወንጀል አይደለም። አብሽር» አሏቸው። ከዚያ አጎቴ ቀና ብለው ሌላ ነገር ጠየቁ። ስለ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። «በዚህ ቱቦ ሶላት ይሆንልኛል?» አሉ። ሸሁ ሳቅ አሉና መለሱ። ሽንቱ የማይቆምለት ሰው የሶላቱ ሰዓት ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ ቢንጠባጠብም አይፈርስበትም። አጎቴ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አንድ ዓመት ሙሉ ከጀመዓ ያራቃቸው ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ተመለሰ። ለማንም ስላልነገሩ ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም ነበር።

ውሳኔውን የቆረጡት ግን ባለቤታቸው ናቸው። «አንቱ፣ ሰባት ልጅ አድርሰናል። እኔ የምፈልገው ቆመው ሲሄዱ ማየት ነው።» በነጋታው ጠዋት ፈረሙ።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለለ። በራሳቸው አንደበት «ወገቤ ውስጥ የነበረው እሳት ውሃ ጠብ አለበት» አሉ። ቡና ጠየቁ። ባለቤታቸው ከፔርሙዝ ቀዱላቸው። ክሪያቲኒናቸው በሁለት ሳምንት ወደ 1.6 ወረደ። ሕክምናው የሚያስቸግር ነገርም አለው፣ አልደብቅም። ሙቀት ሽው ይልባቸዋል፣ ላብ ያሰምጣቸዋል፣ ጡንቻቸው ሳስቷል፣ የባልና ሚስት ነገር ቆሟል። አጥንትም በጊዜ ብዛት ይሳሳል።

ጨረር ያስፈልጋቸው ነበር። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ኋላ እነ ጅማ ተጨመሩ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የጤና መድናቸውን ይዘው፣ ሪፈር አስጽፈው ሄዱ። መድኑ ሕክምናውን ቢያግዝም የትራንስፖርቱንና የማረፊያውን አይከፍልም። አንድ በሬ ተሸጠ። ካዛንቺስ አካባቢ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኝተው ወረፋ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ አምስት ሳምንት አልፎ ነበር። ቀኝ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ግራው ዛሬም ይጎተታል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ያ ጥጥ ጥጥ ያላቸውን ቀን ብንሰማ ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ሌሊት።

አሁን

ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ፒኤስኤያቸው ከ100 በላይ የነበረው ከ2 በታች ወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ካንሰሩ አንድ ቀን ያለዚያ ሆርሞንም ማደግ ይለምዳል። ቀጥሎ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ አቢራቴሮን አንዱ ነው። አንዱን እየወሰዱ ነው። እንደማይድኑ ያውቃሉ። ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም መደበቁን አልፈለጉም።

ሕመሙ ሲመለስ ሞርፊን ታዘዘላቸው። ልጆቻቸው ደነገጡ። «ሱስ ይሆንባቸዋል»፣ «ያ የሞት መድኃኒት አይደል?» አሉ። በሐኪም መጠን፣ በሰዓቱ የሚሰጥ ሞርፊን ለካንሰር ሕመም የተሠራ መድኃኒት ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው፤ ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ ማለስለሻው አብሮ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። አጎቴ ሽሮፑን በትንሿ ልኬት ይወስዳሉ፤ ሌሊት ይተኛሉ፤ ጠዋት ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። ጁምዓ ተመልሰዋል። ከኋላ ሰልፍ፣ ከምሰሶው አጠገብ የራሳቸው ወንበር አለ።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሁለተኛው ቡና ላይ ደርሰናል፤ ቶናው እየተቀዳ ነው። ጎረቤቶች አሉ፣ ልጆቻቸውም አሉ። ትልቁ ልጅ 44 ዓመቱ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከሌላው እጥፍ ያህል ለዚህ በሽታ የተጋለጠ መሆኑን እኔ ለአጎቴ ነግሬያቸው ነበር። ምልክት ሳይጠብቅ፣ በ40ዎቹ ዕድሜው ከሐኪም ጋር መነጋገር እንዳለበትም ነግሬያቸዋለሁ። ነገሩ በሁለታችን መካከል የቀረ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ፣ ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ?» አሉት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ መሬት መሬት አየ። «ኧረ አባቴ፣ ሰው ፊት…» አለ።

«እኔ ሰው ፊት ነው የምጠይቅህ። ስንቴ?»

«አንዳንዴ ሁለቴ» አለ ልጁ።

አጎቴ ወደኔ ዞሩ። «ሰኞ ይዘኸው ግባ» አሉ። ከአጠገባቸው የተቀመጠው ጎረቤት፣ የድንበር ጭቅጭቁ ባለቤት፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔም አብሬያችሁ ብሄድ ምን ይላል?» አለ።